ጎንደር ላይ የተሰጠ የፖሊሲ ምክር ሥልጠና፦ አማካሪው፣ ባለሙያውና በመሐል የሚጠፋው ወረቀት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ባለሙያዎችና ጥቂት መምህራን ተሰባስበው ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጡት አጭር ሥልጠና አለ። ርዕሱ «የፖሊሲ ምክር አዘገጃጀትና የፖለቲካ አማካሪ ሚና» ይላል። ሐሙስ ጠዋት ተጀምሮ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ያልቃል። ክፍያው 2,800 ብር ነው፤ ሻይና ምሳን ይጨምራል፣ የፋሲል ግቢ መግቢያን ግን አይጨምርም። መሥሪያ ቤታቸው ከፍሎላቸው የመጡ ነበሩ፤ እኔ ከኪሴ ከፍዬ ነው የገባሁት፣ ገንዘቤም አላስቆጨኝም። በዕቅድ ባለሙያነት በቆየሁባቸው ዓመታት ስብሰባውንም ሥልጠናውንም ብዙ አይቻለሁ። በኃላፊውና በባለሙያው መካከል ስለሚቀመጠው አማካሪ፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳይሸፋፍን የተናገረ ሥልጠና ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ወረዳ ስለ መጠጥ ውኃ የውሳኔ ሐሳብ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ከባልደረቦቼ ጋር ቀበሌ ለቀበሌ ዞረን ሦስት አማራጭ አቀረብን፤ የተበላሹትን የእጅ ፓምፖች መጠገን፣ ያሉትን ምንጮች ማጎልበት፣ ወይም አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር። ለእያንዳንዱ ወጪው፣ የሚወስደው ጊዜና የሚጠቀመው ሰው ብዛት ተጽፎለታል። ጥገናው ርካሽና ፈጣን ስለነበር እሱን አስቀደምን። ወረቀቱ ካቢኔ ፊት ሲደርስ ግን ጉድጓዱ ብቻ ነበር የተጻፈበት። በመሐል ያለፈው በአንድ አማካሪ እጅ ነው። ኃላፊው ሌሎቹን ሁለት አማራጮች ጨርሶ እንዳላያቸው የሰማሁት ነገሩ ከተወሰነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጉድጓድ ማስቆፈር መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ያንገበገበኝ፣ ሰውየው ምርጫ ሳይቀርብለት «መርጧል» መባሉ ነው። የባለሙያዎቹ ስም ደግሞ ከሰነዱ መጨረሻ ላይ እንዳለ ነበር፤ ያልጻፍነውን እንደጻፍን ተቆጠረ።

ስለዚህ ወደ ሥልጠናው የሄድኩት ይህን ይዤ ነው።

የሐሙሱን ውሎ በአጭሩ ልለፈው። የውሳኔ ሐሳብ በሁለት ገጽ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ችግሩ ከመፍትሔው ተለይቶ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ «ምንም ባናደርግስ» የሚለውም እንደ አንድ አማራጭ ከነውጤቱ መቅረብ እንዳለበት ተማርን። ለአዲስ ገብ ባለሙያ በጣም ይጠቅማል። ዓመታት ለሠራ ሰው ግን ግማሽ ቀን በበቃው ነበር።

ሥልጠናውን ሥልጠና ያደረገው ዓርብ ነው። ዋናው አሠልጣኝ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ ስላላስፈቀድኳቸው ስማቸውን አልጽፍም። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። አብዛኞቻችን አማካሪን ሲወቅሱልን ለመስማት ተዘጋጅተን ነበር። እሳቸው የጀመሩት ግን አማካሪ ለምን እንደሚያስፈልግ በማስረዳት ነው። «ፖለቲካውን የሚሠራ ሰው ከሌለ፣ ፖለቲካውን እናንተ እንድትሠሩት ትጠየቃላችሁ» አሉ። ምሳሌያቸው ኒውዚላንድ ነበረች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር በሚይዙበት ሥርዓት፣ የመጀመሪያውን ምርጫ ካካሄደች ወዲህ ጥምር መንግሥት የተለመደ ሆነ። በተጣመሩት ፓርቲዎች መካከል ማን ምን ይቀበል፣ የቱ ሐረግ ይውጣ፣ የቱ ይግባ የሚል ድርድር ሁልጊዜ አለ። ይህን ድርድር ሹመኛ ቢለዋወጥም በሥራው የሚቆየው ቋሚ ሠራተኛ ይሥራው ቢባል ገለልተኛነቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ያን ሥራ የሚሸከሙት በሚኒስትሩ ቢሮ የተቀመጡት የፖለቲካ አማካሪዎች ናቸው። በዚያው አገር በ2020 የወጣው የመንግሥት አገልግሎት ሕግ ደግሞ ከሠራተኛው ከሚጠብቃቸው መርሆዎች አንዱ ነጻና ግልጽ ምክር መስጠት እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጧል። ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን ካቆሙ በኋላ የሥልጠናውን ዋና ሐሳብ ተናገሩ፦ አማካሪው በባለሙያው ምክር ላይ ሌላ ምክር ይጨምራል እንጂ የባለሙያውን አይቀንስም፤ ወሳኙ ሰው ሁለቱንም ወረቀት ማየት አለበት።

እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አማካሪ ይወገድ የሚል ሰው መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚሠራ በቅጡ አላየም። ሹመኛ የሚመጣው ለሕዝብ የገባውን ቃል ይዞ ነው፤ ያን ቃል ከሚያውቅና ከሚያምንበት ሰው ጋር መመካከር መብቱ ነው። ጥያቄው ያ ሰው የት ነው የሚቆመው የሚለው ነው፤ ከባለሙያው ጎን ወይስ ከፊቱ?

ቀጥለው ያነሡት የብሪታንያን ነገር ነበር። ሠራተኛ በዝምድና ሳይሆን በብቃት እንዲቀጠርና በቋሚነት እንዲያገለግል መሠረት የጣለው የኖርዝኮትና የትሬቨልያን ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1997፣ የቶኒ ብሌር መንግሥት ሲገባ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ያሉ እስከ ሦስት አማካሪዎች ቋሚ ሠራተኞችን ማዘዝ እንዲችሉ ተፈቀደ። የብሌር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጆናታን ፓወልና የፕሬስ ኃላፊያቸው አላስተር ካምቤል በዚህ ሥልጣን ሠሩ። ጎርደን ብራውን በ2007 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ፈቃዱን ሻሩት። በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ ልዩ አማካሪ (የፖለቲካ አማካሪን እዚያ የሚጠሩት እንዲህ ነው) የመንግሥት ወጪ ማጽደቅም ሆነ ቋሚ ሠራተኛን ማስተዳደር እንደማይችል ወሰነ። ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ አገሪቱ ፍጹም ስለሆነች አይደለም። ነገሩ ተፈትኖ፣ ችግሩ ታይቶ፣ ወሰኑ በወረቀት ላይ መሰመሩ ነው ደስ ያሰኘኝ።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው፣ እኔንም እስካሁን የሚያብሰለስለኝ፣ የአውስትራሊያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ጥገኝነት ጠያቂዎችን የጫነች ጀልባ በአገሪቱ የባሕር ኃይል መርከብ ታገደች። ሚኒስትሮች ሰዎቹ ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ወርውረዋል ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ምርጫው ሊካሄድ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። ማስረጃ ተብለው የወጡት ፎቶዎች ግን ጀልባዋ በማግስቱ ስትሰምጥ ሰዎች ከባሕር ሲወጡ የተነሡ ናቸው። በመከላከያ ውስጥ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸውንም በሚኒስትሩ ቢሮ ላሉ ሰዎች ተናግረዋል። መንግሥት ግን እስከ ምርጫው ቀን፣ እስከ ኖቬምበር 10፣ ንግግሩን አላረመም። በ2002 የሴኔት ኮሚቴ ነገሩን ሲመረምር ቋሚ ሠራተኞችና መኮንኖች ቀርበው ተጠየቁ። የሚኒስትሮቹ አማካሪዎች ግን እንዳይቀርቡ ስለተከለከሉ ቃላቸውን አልሰጡም።

ጋሼ እዚህ ላይ ቆም ብለው «እንግዲህ ሚኒስትሩ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከጀርባዬ የተቀመጠ አንድ የፋይናንስ ባለሙያ «ለአማካሪው ከተነገረው እንደተነገረው ይቆጠራል» አለ። አንዲት ወጣት ባለሙያ ደግሞ «አማካሪው ካልነገረውስ?» አለችው። ክርክሩ እስከ ሻይ ሰዓት ቆየ። ጋሼ የደረሱበት ነጥብ ይህ ነው፦ በስልክ የተነገረ፣ ያልተጻፈ ነገር አማካሪው ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠየቅበትም። ሠራተኛው «ተናግሬያለሁ» ይላል፣ ሹመኛው «አልሰማሁም» ይላል፣ አማካሪው አይጠራም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ «አቅጣጫ ተሰጥቷል» የሚለውን ቃል ያልሰማ ማን አለ? ማን ሰጠው፣ መቼ ሰጠው፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ ብለህ ብትጠይቅ መልስ የለም። «ከላይ ነው» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ «ከላይ» የተባለው ኃላፊው ራሱ አይደለም፤ ኃላፊው እንዲህ ሊፈልግ ይችላል ብሎ የገመተ ሌላ ሰው ነው። ከዚህ የከፋው ነገር ባለሙያው ራሱ መገመት መጀመሩ ነው። አማካሪው የማይወደውን አማራጭ ሳይነገረው ያወጣዋል። ያኔ ወረቀቱን ማንም መሰረዝ አያስፈልገውም፤ ተሰርዞ ነው የሚጻፈው። ሥልጠናው ይህን በግልጽ ስለተናገረ ብቻ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

በዚያው ዓርብ አንድ ሠልጣኝ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ የሚሰማ ከሌለ መድከሙ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ። ጋሼ የመለሱለትን በማስታወሻዬ ይዤዋለሁ፦ «ተረቱ ‹ምከረው› የሚለው ሁለት ጊዜ ነው። እናንተ አንዱንም ጊዜ በጽሑፍ አልመከራችሁም።» ክፍሉ ዝም አለ።

ከምሳ በኋላ በእግር ወደ ፋሲል ግቢ ሄድን። ብሮሹሩ ላይ ሳየው ለማሳመር የገባ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም ከሥልጠናው ክፍሎች ሁሉ ከጎንደር ጋር የተዋደደው ይህ ነው። እዚህ ከተማ ተወልዶ ግቢውን በሠርግ ፎቶና በጥምቀት ሰሞን ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ጋሼ ከዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ፊት አቁመውን ምክር በቤተ መንግሥት እንዴት ይሰጥ እንደነበር አወሩን። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ንጉሡ በሸንጎው ከተሸፈነ ስፍራ ሆኖ ይሰማል፤ ቃሉን ወደ ሸንጎው የሚያደርሰው ቃለ ሐፄ የሚባለው ሹም ነው። አስተያየት የሚሰጠው ደግሞ ከታችኛው ማዕረግ ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው።

«ትንሹ አስቀድሞ የሚናገረው ለምን ይመስላችኋል?» አሉን። ራስ ወይም ቢትወደድ የሚባለው ትልቅ ሹም አስቀድሞ ከተናገረ፣ ከእሱ በታች ያለው ሌላ ነገር ለመናገር አይደፍርም። አባቶቻችን ይህን ያወቁት የአስተዳደር ትምህርት ተምረው አይደለም፤ ሰውን ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ስብሰባችን የሚጀመረው በኃላፊው ንግግር ነው፤ ኃላፊው ተናግሮ ሲጨርስ «አስተያየት ካላችሁ» ይባላል። የሚሰጠው አስተያየትም ምስጋና ይሆናል። ያንን የድሮ ሥርዓት ነገ ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ መመለስ ምንም በጀት አይጠይቅም።

ቃለ ሐፄን በተመለከተ ጋሼ ሌላ ነገር አነሡ። ሸንጎው የሚሰማው የቃለ ሐፄን ድምፅ ነው። ንጉሡ ያለው ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መድረሱ በአንድ ሰው ታማኝነት ላይ ቆሟል። ቢያንስ ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማዕረግ አለው፣ በሸንጎው ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ እያሳዩን የእቴጌ ምንትዋብን ዘመን አስታወሱን። እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ከጫኑ በኋላ መንግሥቱ የቆመው በእቴጌይቱና በወንድማቸው በራስ ወልደ ልዑል ትከሻ ላይ ነበር። ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ ወገኖችን ሲያመዛዝን የነበረው ሰው ጠፋ፤ ፀቡ ገነነ። ለእርዳታ የተጠሩት የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል የእቴጌይቱን የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስን በ1769 አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንት ተከተለ። የጋሼ ትርጓሜ፣ ምክሩ ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ከነበረ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል የሚል ነው። እኔ ለዘመነ መሳፍንት መነሻ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉት እላለሁ፤ ሆኖም ስለ ጽሑፍና ስለ መዝገብ ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ነበር። ርዕሱ የአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ የሚይዘው ውኃ መቀነሱን የጎንደር ሰው በቧንቧው ያውቀዋል። ከፊላችን ባለሙያ፣ ከፊላችን አማካሪ፣ አንድ ሰው ደግሞ ወሳኝ ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። ባለሙያዎቹ በላይኛው ተፋሰስ እርከንና ደን ሥራ፣ ደለል ማውጣት፣ ተጨማሪ ጉድጓድ ማስቆፈር እያሉ በሁለት ገጽ አማራጮቻቸውን ጻፉ። አማካሪዎቹ በዚያ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ እንዳያነሡ ተከለከሉ፤ ያላቸውን አስተያየት በሌላ ወረቀት ጽፈው፣ ስማቸውን አስፍረው፣ ፈርመው እንዲያያይዙ ታዘዙ። ሁለቱም ወረቀቶች በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው ገቡ።

የደረሰኝ የአማካሪ ወንበር ነበር። ከዚያ ወንበር ስታየው ነገሩ ይለያል። የእርከኑ ሥራ ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ክረምት በኋላ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ በዚህ ዓመት ለነዋሪው የሚናገረው ነገር ይፈልጋል። አማራጩን ከወረቀቱ የማውጣት ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ በደንብ ገባኝ። ማውጣት ስላልተፈቀደልኝ ግን «ሁለቱን እናጣምር፤ ጉድጓዱ ዘንድሮ፣ የተፋሰሱ ሥራ ከዘንድሮ ጀምሮ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊ የሆነው ሠልጣኝ ሁለቱን ወረቀት አንብቦ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀን። ይህን የመሰለ ልምምድ ከሌላ ቦታ አላገኘሁም፤ ለክፍያው ብቻውን ይበቃል።

አንዲት ከወረዳ የመጣች ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ አማካሪው ደውሎ ‹ይህን ቁጥር አስተካክሉት› ሲለንስ ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀች። «ልጄ፣ ቁጥሩን አትንኪው። ማን እንደደወለ፣ መቼ እንደደወለና ምን እንዳለ በማስታወሻ ጽፈሽ ከፋይሉ ጋር አያይዢ። ሲጠይቁሽ ታሳያለሽ» አሏት። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አልበቃኝም። ያን ማስታወሻ በማያያዟ ዝውውር ቢደርስባት፣ እድገት ብትከለከል ምን ትከለልበታለች? የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ያ ድንጋጌ እስከ ፋይሏ ድረስ እንዴት እንደሚወርድ ያስረዳ ክፍል በሥልጠናው ውስጥ የለም። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው፤ የሰው እንጀራ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይገባል።

ሌላው፣ የውጭው ምሳሌ በዝቶ የአገራችን አንሷል። ለምሳሌ ከክፍሉ ብዙም ሳይርቅ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት እንዴት ተጀመረ? በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፍቶ፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ እየሠለጠኑ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ተላኩ። የባለሙያ ምክር ወደ ፖሊሲ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ደግሞም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስዊድን፣ ከስዊዘርላንድና ከአሜሪካ አማካሪዎችን ያስመጡት ጎረቤት ቅኝ ግዛት ከሌላቸው አገሮች እየመረጡ ነበር፤ አማካሪ የማን ጥቅም ይዞ ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ያኔም የሚያስቡበት ሰዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል።

የተሰጠን ጥራዝ ፎቶኮፒው የደበዘዘ፣ ፊደሉ የደቀቀ ነው፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይከብዳል። ዓርብ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ቆመ፤ ጋሼ በጠመኔ ቀጠሉ፣ እንዲያውም ተሻለ። ምሳው ዓርብ ምስርና ሽሮ፣ ሌላውን ቀን ቀይ ወጥ ነው፤ ያጠግባል። ቡናው በሰዓቱ ይፈላል። መጸዳጃው ንጹሕ ነው። የምስክር ወረቀቱን ቅዳሜውኑ ይሰጣሉ።

መሄድ ያለበት ማነው? የውሳኔ ሐሳብ የሚጽፍ ባለሙያ ሁሉ፣ ቡድን መሪም ዳይሬክተርም። ስትሄዱ የራሳችሁን አንድ አሮጌ የውሳኔ ሐሳብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐሙስ ከሰዓት ያዩላችኋል። ጊዜ የሚያጥረው ሰው ዓርብንና ቅዳሜን ብቻ መመዝገብ ይችል እንደሆነ ጠይቄ፣ ለመፍቀድ እያሰቡበት መሆኑን ነግረውኛል።

በክፍሉ ውስጥ አንድም አማካሪ አልነበረም። ስለ እነሱ ያወራነውን ሁሉ ያወራነው እነሱ በሌሉበት ነው፤ ይህ ለእነሱም ለእኛም ፍትሐዊ አይደለም። ቅዳሜ ሲያሰናብቱን ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ዙር ለአማካሪዎች ለብቻ ወንበር መድበው እንደሚጋብዙ፣ የአንገረቡን ልምምድም እውነተኛ አማካሪና እውነተኛ ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲሠሩት እንደሚያደርጉ ቃል ገብተውልኛል። ይህ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ፣ እንደገና ከፍዬ እገባለሁ፤ በዚያን ጊዜ የባለሙያውን ወንበር ነው የምጠይቀው።